የአባቴ ጆሮና የፕላስቲኩ ማርሽ

ባሕር ዳር ባቡር የለም። ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ባጃጅማ ከሚበቃው በላይ አለ፤ ሐዲድ ግን የለም። ከድሬዳዋ መጥቼ እዚህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጠጋኝነት ከተቀጠርሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ነገሩን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ አባቴ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ዘንድ ሊኖር መጣና ገና ሻንጣው ሳይፈታ፣ "ባቡር የሌለበት ከተማ ሰዓቱን በምን ያውቃል?" አለኝ።

"በስልክ" አልሁት።

"አቦ ተይኝ!" አለና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

አንባቢ እንዳይቀየመኝ አስቀድሜ ልናገር፤ አባቴን "አንተ" ነው የምለው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፤ ፍቅር እንጂ ንቀት የለበትም። ቤት ያከራዩን መሪጌታ ግን የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ በዘጌ በኩል ባለ አንድ ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ለልጅ ልጃቸው እንኳ ቃል መርጠው የሚናገሩ ሰው። "አንተ አባዬ፣ ሻይህ በረደ እኮ" ስለው የሰሙ ዕለት አማተቡ። አሁን ለምደውናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ ዳዊታቸውን ይዘው መጥተው ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እሱ ያዳምጣል።

ማዳመጥ የአባቴ ሥራ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ግን ነጂ አይደለም፣ ትኬት ቆራጭም አይደለም። ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ሲቆም፣ እጀታው የረዘመ መዶሻ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ እያንዳንዱን የብረት ጎማ መታ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮሃል። የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። በዚያች ድምፅ ላይ የስንት መንገደኛ ነፍስ እንደሚንጠለጠል እየነገረ ነው ያሳደገን። እዚህ መጥቶም አላረፈም፤ በረንዳ ላይ ሆኖ የሚያልፈውን የጀልባ ሞተር እየሰማ፣ "ይሄኛው ታሟል፣ ያኛው ደህና ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ የጎዳኝም ልክ መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። መጀመሪያ የሐይቁ ጭጋግ ነው አለ። ከዚያ አምፖሉ ደክሟል አለ። በመጨረሻ ሰው ፊቱ ሲቆም ጥላውን እንጂ መልኩን የማይለይ ሆነ። የዓይን ሐኪሟ መርምራው፣ "ሞራው ተነሥቶ በምትኩ ሌንስ ይገባል፤ ብዙ ሰው ወዲያው ያያል። ግን አትቆዩ፤ እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ሥራው ይከብደናል" አለች። አባቴ አመስግኗት ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ፣ "ዓይኔን ማንም አይነካውም" አለኝ። "እኔ በጆሮዬ ነው የኖርኩት፤ በጆሮዬ እሞታለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ። እጁን ምድጃ ላይ አቃጠለ፤ "ምድጃው ድምፅ የለው፣ በምን ልወቅ?" አለ። ደጃችን ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ተነሥቶ ቦዩን ሰደበው። እኔ ማሽን ሲያስቸግረኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስባለሁ፣ መላውንም አገኛለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ያሸነፈኝ ማሽን የለም ብል ውሸት አይሆንብኝም። ለአባቴ ግን መላ አጣሁ። ፈራሁም። ቀኑ እየሄደ ነው፤ እሱም ጨለማውን እየለመደው ነው።

አንድ መጫወቻ ሎኮሞቲቭ፣ ማለት የባቡር ራስ፣ ገዛሁ፤ የገዛሁት ታዲያ ለእሱ ብዬ አይደለም። እንዲያ ብል ባማረልኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ሻይዬን ይዤ ቴሌግራም ላይ አሮጌ ዕቃ ማየት እወዳለሁ፤ አንዱ ፊልም ያያል፣ እኔ ያገለገለ ካቻቢቴና ፒንሳ አያለሁ። አንድ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች የሚጥሉትን ዕቃ እየሰበሰበ የሚሸጥ፣ ከሕፃን አልጋና ከጭማቂ መፍጫ መሐል አንዲት የባቡር ራስ ለጥፏል። ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም። አረንጓዴ ናት፤ ጎኗ ተልጧል፤ ክብ ሐዲድና ትንሽ ትራንስፎርመርም አላት። ጽሑፉ "በጣም ንጹሕ! እንደ ሰዓት የሚሄድ!" ይላል።

ቪዲዮ ላክልኝ አልሁት። ላከ። ሎኮሞቲቩ ከግራ ወደ ቀኝ ጥቂት ሄደና ቪዲዮው አለቀ። ደጋግሜ ሳየው ከበስተኋላው ጥግ ላይ የሰው አውራ ጣት አለ።

ደወልሁለት። "ወንድሜ፣ በጣትህ እየገፋኸው ነው እኮ!"

"እህቴ፣ መንገድ እያሳየሁት ነው" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ አውቃለሁ። ግን ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እልኬም መጣ። ደህና ማሽን ለጠጋኝ ምን ይሠራላታል? ገዛሁት።

ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ መንገዱ እስኪመች ቆይቶ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው የካርቶኑ ሥር ወዝቷል። ቤት ወስጄ ስከፍተው ደግሞ ወጥ ቤት የገባሁ መሰለኝ። አሸተትሁት። ኑግ ነው! አንዱ ደግ ሰው ባቡሩ ዘይት ያስፈልገዋል ሲባል ሰምቶ የጾሙን ዘይት አጠጥቶታል። የኑግ ዘይት ለሽሮ ግሩም ነው፤ ማሽን ውስጥ ሲቆይ ግን ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ጥርሱን ሁሉ እንደ ሙጫ ይይዛል። የስፌት መኪናዋን እንዲህ ያስጾመች ጎረቤት ነበረችኝና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ለሻጩ ደውዬ ስነግረው፣ "ለእኔ የሸጠልኝ ሰውዬ በደንብ ዘይት አጠጥቼዋለሁ ብሎኛል" አለ።

"በሁዳዴ ነዋ ያጠጣው!" አልሁት።

ጥገናውን ስጀምር ደስ እያለኝ ነበር። ትንንሾቹን ብሎኖች ፈትቼ ስኒ ውስጥ አጠራቀምሁ፤ ቆቡን አነሣሁ፤ ሞተሩን አወጣሁ። በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሸሁ ያን ቡናማ ሙጫ ከጥርሶቹ መሐል አስለቀቅሁ። ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ የሚገባው በብረት ጎማዎቹ በኩል ነው፤ እነሱንም እስኪያበሩ ወለወልሁ። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ካርቦኖች አጸዳሁ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌ ገጠምሁት፣ ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መብራት ሰጠሁት።

ሄደ። ያለ ጣት ሄደ! ግን ያነክሳል። ትንሽ ይንሸራተትና "ጠክ" ይላል፤ ይንሸራተትና "ጠክ"።

አባቴ ድምፁን ተከትሎ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ከበረንዳ ገባ። "ምንድን ነው?" አለ።

"ባቡር።"

"ባቡር?" ሳቀ፤ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ጆሮውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበለ። ከዚያ የሻይ ማንኪያ ጠየቀኝ። ሎኮሞቲቩን አንሥቶ ጆሮው ሥር ያዘና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በማንኪያው ጫፍ መታ መታ አደረጋቸው። በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ፊቱ ላይ ያን ጊዜ የነበረውን ክብር መናገር አልችልም። ሲጨርስ፣ "ጎማዎቹ ደህና ናቸው። የታመመው ሐዲድሽ ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ ሐዲዱ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር የሚያነክሰው። ይሄ እኮ ጎማው በዞረ ቁጥር ነው። ውስጥ የተሰነጠቀ ነገር አለ።"

"ቢኖር እሰማው ነበር።"

"አልሰማኸውማ!"

ሁለታችንም ጋልን። የእሱ ልጅ አይደለሁ? ካቻቢቴዬን አነሣሁ። ጩኸታችን ከበረንዳ የጠራቸው መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው፣ "ኧረ በሕግ! ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ? በበዓል ቀን ብረት ይፈታል?" አሉ።

"ሥራ አይደለም መሪጌታ፤ መጫወቻ ነው። ጨዋታ ነው የያዝነው።"

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡበት። "መጫወቻ ከሆነስ... ሕፃናትም በበዓል ይጫወታሉ" ብለው ሊፈቅዱልኝ ሲሉ አባቴ ጠረጴዛውን መታው።

"ማነው መጫወቻ ያለው? ባቡር ነው! ባቡር መጠገን ሥራ ነው፤ በበዓል አይነካም!"

ዕድሜውን ሁሉ በሚካኤልም በማርያምም መዶሻውን ተሸክሞ የዞረ ሰው! ጊዜ ሊገዛ ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ። ንዴት ሲይዘኝ አፌ ይቀድመኛል። "እንወራረድ" አልሁት። "ነገ እከፍተዋለሁ። ስንጥቅ ከተገኘበት ዓይንህን ትታከማለህ። ካልተገኘ ሁለተኛ የዓይንህን ነገር አላነሣብህም።"

"ውርርድ ነገር አልወድም" አሉ መሪጌታ፤ "የቁማር ታናሽ እኅት ናት።"

"ውርርድ ምን ያደርጋል!" አለ አባቴ። ብድግ ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሣ። "የቁልቢው ገብርኤል ይስማኝ! በዚህ ባቡር ላይ ስንጥቅ ከተገኘ ስእለቴ ነው፤ ሐኪም ቤት ገብቼ ዓይኔን እሰጣለሁ።"

ለድሬ ሰው የቁልቢ ስእለት የዋዛ ነገር አይደለም። ሰው ለስእለቱ ያን ዳገት በእግሩ ይወጣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ። አባቴ እንኳን አፍርሶ፣ የዘገየ ስእለት ሲሰማ የሚዘገንነው ሰው ነው። በጆሮው ስለተማመነ ነው እንዲህ የደፈረው። መሪጌታ፣ "እንግዲህ ነገሩ ታሰረ" ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። መኖር አለበት ብዬ ገመትሁ እንጂ በዓይኔ አላረጋገጥሁም። ከተሳሳትሁ የአባቴን ብርሃን በገዛ አፌ ሸጥሁት ማለት ነው፤ ቃል ቃል ነው፣ ሁለተኛ ማንሣት የለም። በማግስቱ ፋብሪካ ስውል ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ነበር። ቢሆንም ልቤ አለ አለ ይለኛል፤ ስለ ማሽን ልቤ የነገረኝን አምናለሁ።

ከሥራ እንደተመለስሁ ሦስታችንም መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ሎኮሞቲቩ ሦስት ዘንግ አለው፤ እያንዳንዱ ዘንግ መሐሉ ላይ ከሞተሩ ጉልበት የሚቀበል ትንሽ ጥርሳም ማርሽ አለው። የመጀመሪያውን አወጣሁና በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን አየሁት።

"እህ?" አለ አባቴ።

"የለም።"

ፈገግ አለ። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ እሱም ደህና ነው። አባቴ ማንጎራጎር ጀመረ። ከካቻቢቴው አጠገብ ምላጭ አለ። አንድ ጊዜ ጫር ባደርግ ማን ያውቃል? አባቴ አያይ፣ መሪጌታ ማሽን አያውቁ። ለመልካም ነገር ነው እያልሁም ለራሴ ተናገርሁ፤ ምላጩን ግን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ገፋሁት። በሐሰት ካሸነፍሁት ስእለቱ የእሱ፣ ዕዳው የእኔ ይሆናል።

ሦስተኛውን አወጣሁ። አዞርሁት፤ ምንም። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብዬ እንደገና አዞርሁት። በሁለት ጥርሶች መሐል፣ ከላይ እስከ ዘንጉ ድረስ የወረደች፣ ፀጉር የምታህል መስመር!

"አለ!" ብዬ ጮኽሁ። "አባዬ፣ አለ!"

መሪጌታ የዳዊት መነጽራቸውን አድርገው፣ በላዩም አጉሊውን ደርበው ለረጅም ጊዜ አዩት። "ቀጭን ናት" አሉ። "ግን አለች።"

"ተመካክራችሁ ነው" አለ አባቴ።

"በእርጅናዬ ሐሰት ልናገር?" አሉ መሪጌታ ረጋ ብለው። አባቴ ወዲያው አፈረ፤ ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ማርሹን መዳፉ ላይ አስቀመጥሁለት። በአውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ግን መዶሻ ያደነደነው ጣት ነው፣ ምንም አላገኘም። ጆሮው ሥር ወሰደውና በማንኪያው መታው። "ጠ" አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ደግሞ መታው። ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ብረት አይደለም" አለ።

"ፕላስቲክ ነው። ጎማዎቹ ናቸው ብረት፤ እነሱ ደህና ናቸው፣ ልክ ነህ። የተሰነጠቀው ውስጥ ያለው ነው።"

"ብረት ቢሆን ይነግረኝ ነበር። ይሄ ዲዳ ነው።"

"ዲዳን በጆሮ ታክመዋለህ እንዴ? በዓይን ነው እንጂ!" ያሸነፈ ሰው ምላስ አያርፍም፤ የእኔም አላረፈም። "አቦ ተይኝ" ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ፈርቼ ነው እኮ" አለ። "የቀረችኝን ትንሽ ብርሃን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።"

ያ ሁሉ የጆሮ ፉከራ ለካ ይሄ ነበር። እኔም እሰማዋለሁ የምል ልጁ አልሰማሁትም ነበር። አለቀስሁ፤ እሱ ደግሞ ሳጌን ሲሰማ "በይ በይ፣ ገብርኤልን ጠርቻለሁ፣ እሄዳለሁ" እያለ ትከሻዬን ፈልጎ መታ መታ አደረገኝ። መሪጌታ ቀስ ብለው ወጡልን።

ማርሹን መጠገኑ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ፕላስቲኩ ለዘንጉ እጅግ ስለጠበበ ነው የተሰነጠቀው፤ ቀዳዳውን ለጥቂት አሰፋሁለት። በምሳ ሰዓት ኃላፊዬን አስፈቅጄ በፋብሪካው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ቀጭን የነሐስ ቀለበት ቆረጥሁ፤ ማርሹን በማጣበቂያ አጣብቄ ቀለበቱን አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት። ገጥሜ መብራት ስሰጠው ክቡን ሐዲድ ያለ አንዲት "ጠክ" ዞረ። ትሕትና የለኝምና ልናገረው፤ አዲስ ሳለም እንዲህ አልሄደም። መሪጌታ በስልኬ ቀረጹልኝ፤ እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ቆምሁ፤ ቪዲዮውን ለሻጩ ላክሁለት። "እህቴ፣ ብትሸጪው እገዛዋለሁ" ብሎ መለሰ።

አባቴ ስእለቱን ፈጸመ። እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ እጄን አጥብቆ ይዞኝ ነበር፤ አፉ ግን ለነርሷ የጣቢያ ወሬ ያወራላታል። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሊነሣ ስንሄድ ሎኮሞቲቩን በሻርፕ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን ፈልጌ። ሐኪሟ ፋሻውን አነሣችለት። ዓይኑን ከደነ፣ ገለጠ፣ እንባው ወረደ።

"አባባ፣ ምን ይታይዎታል?" አለችው።

እሷንም መስኮቱንም አላየም። እኔን ነው የሚያየው። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ሎኮሞቲቩን እንደያዘ ቀረ። ከወንበሩ ተነሣና ማንንም ሳይዝ፣ ምንም ሳይዳስስ ወደ እኔ መጣ፤ በጣቱ ግንባሬ አጠገብ ያለውን ፀጉሬን ገለጥ አደረገው።

"ልጄ" አለ፣ "መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

እኔ ለነገር መልስ አጥቼ አላውቅም። ሎኮሞቲቩን ቦርሳዬ ውስጥ ለቀቅሁት።

"አንተ ስታዳምጠኝ" አልሁት።

እጁን ከፀጉሬ ላይ አላነሣም።